ከጎማው ሥር የነበረው ድንጋይ

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ለቴስት፣ ለዓመታዊው ምርመራ፣ ላዘጋጃት ብዬ ከረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወዲያ ያለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ሲከፍት ሽታው መጣ። ጣፈጥ ይላል፣ ግን ጉሮሮ ይከረክራል። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የራሴን መኪና እነዳለሁ፤ ያ ሽታ ሲመታኝ ግን በአንዴ የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩና በይስማው ቀናሁ። ይስማው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ጋራዥ ውስጥ አልነበረም፣ ምንም አላደረገኝም። እኔ ግን ዘይት በነካው ወለል ላይ ቆሜ ቀናሁ።

ቀናተኛ ነኝ፣ አልደብቅም። እናቴ «ይቺ ልጅ ጥላዋ እንኳ ከቀደማት ታኮርፋለች» ትል ነበር፤ አልዋሸችም። እንደዚያ ዓመት የክረምት መግቢያ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቀንቼ አላውቅም። ከሱኮት፣ ከዳሱ በዓል፣ እስከ ሐኑካ፣ እስከ ብርሃን በዓል፣ ሁለት ወር ከምናምን አንጀቴ ሲያርር ከረመ።

አባቴ አትክልተኛ ነበር። የሰው ግቢ ሣር ያጭዳል፣ አጥር ይከረክማል፣ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ በቴንደሩ ጭኖ ይጥላል። ቴንደር የምንለው እዚህ አገር ከኋላ ክፍት የሆነችውን ፒክአፕ ነው። የኛዋ ነጭ ነበረች ይባላል፤ እኔ ካወቅኳት ጀምሮ ወተት የበዛበት ሻይ ነው የምትመስለው። በዕድሜ ከኔ ትበልጣለችና አባቴ «ታላቅ እህትሽ» ይላት ነበር። በሷ አልቀናሁም፤ ምክንያቱም ከአባቴ ጎን፣ መስኮቱ ጋ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ወንድሜ ገና የሚድህ ሕፃን ነው፣ እናቴ ፋብሪካ ውላ ትመጣለች፣ ስለዚህ ከትምህርት ቤት መልስ የአባቴ ጓደኛ እኔ ነኝ። መቀስ አቀብላለሁ፣ ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ስንመለስ ቢሉ ሴንተር ወደሚባለው የገበያ ማዕከል ጎራ ብለን አይስክሬም ይገዛልኛል። መንግሥቴ ያቺ ወንበር ነበረች።

ከዚያ ይስማው መጣ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅ፣ ከልጇ ጋር ከጎንደር ከገባች ወር ሳይሞላት ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ተኛች። ባሏ ሞቶባታል፣ ሌላ ሰው የላትም። አባቴ ሄዶ ልጁን አመጣው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ከሲታ፣ ጆሮው ትልልቅ። አንድ ፌስታል ይዞ በራችን ላይ ቆመና ጎንበስ ብሎ የአባቴን ጉልበት ሳመ። እኔ የአባቴን ጉልበት ስሜ አላውቅም፤ ጉልበት የሚሳም ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር። አባቴ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ ደግሞ ገና ሰላም ሳልለው ጠመድኩት።

መኪና ሲሄድ ያስመልሰዋል ተባለና መስኮቱ ተሰጠው። እኔ መሐል ገባሁ፣ የማርሹ ዘንግ ጉልበቴን እየደቃኝ። ማዕድ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ የኔ ነበር፤ አሁን የእንግዳ ሆነ። ያም አልበቃ ብሎ አባቴ «አንድ ያጣላል» ይልና ሁለተኛ ያጎርሰዋል። ለኔ ሲደርስ የሚቀረው ጣቱ ላይ የነካካው ወጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉም የባሰው ወሬያቸው ነው። እኔ አማርኛ እሰማለሁ፣ የምመልሰው ግን በዕብራይስጥ ነበር፤ «ቤሰደር አባ»፣ «ያላ አባ»፣ እሺና እንሂድ፣ በቃ። ይስማው ከአባቴ ጋር እንደ ሽማግሌ ያወራል። አንዱ ተረት ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል፣ ከዚያ አብረው ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ አላውቅም፣ ስለዚህ በኔ እንደሚስቁ እርግጠኛ ነበርኩ። ብቻዬን ስሆን የሰማኋቸውን ቃላት አንድ በአንድ እደግማቸው ጀመር። ሰው ቋንቋ በፍቅር ይማራል ይላሉ፤ እኔ አማርኛ የተማርኩት በቅናት ነው፣ ይኸው አሁን የምጽፍበትን።

ቴንደሯ የታመመችው እሱ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አባቴ ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንከር አይልም፤ እንደ ሊጥ ለስልሶ ወለሉ ድረስ ይወርዳል። ሁለቴ ሦስቴ ደጋግሞ ሲረግጠው ነው የሚይዝለት። «አየር ገብቶበታል» አለ። እኔም ነገሩን አሰላሁት። ይስማው በአውሮፕላን ከላይ መጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ፍሬናችን ውስጥ አየር ገባ። ከሱ ጋር ካልመጣ ከየት ይመጣል? ለእናቴ ነገርኳት። ስቃ ለጎረቤት ነገረች፣ ጎረቤቷ ለአባቴ ነገረች፣ አባቴ ለይስማው ነገረው። ያልሳቀው ይስማው ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቴ የእጅ ፍሬኗንም አላመናትም። ቴንደሯን ባቆመ ቁጥር ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ያስደርጋል። የዳቦ ያህል ግራጫ ድንጋይ ነው፣ ከአንድ ደንበኛው ግቢ ያመጣው። ድንጋዩን ማስቀመጥ የማን ሥራ ሆነ? የይስማው። ዘሎ ይወርድና ያስገባል፣ ስንነሳም አንስቶ ከኋላ ይጭነዋል። ድንጋይ እኮ ነው። እኔ ግን ያንንም ፈለግኩት።

ቴስቱ እሑድ ጠዋት ነበር። ካላለፈች መንገድ ላይ መውጣት አትችልም፤ እሷ ካልወጣች ደግሞ አባቴ ሥራ የለውም። ጋራዡ ለሳምንት ተዉልኝ አለ። አባቴ ሳምንት ሙሉ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ወይ አለና ሐሙስ ከሥራ መልስ ራሱ ሊፈትሻት ከሕንፃችን ሥር ተንበረከከ። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ የፍሬን ዘይቱን ዕቃ አየ፤ ጎድሏል። ዘይት ከጎደለ አንድ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። ቱቦዎቹን በጨርቅ እየጠረገ ተከተላቸው፣ ደረቅ ናቸው። ፔዳሉ ሥር እጁን ሰደደ፣ ደረቅ ነው። ይስማው ግን በሆዱ ተኝቶ ከኋላ ገብቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺ የቀኟ ጎማ ውስጥ ውስጡን ታለቅሳለች» አለ።

እውነትም የጎማዋ ጀርባ እርጥብ ነበር። ለካ ጎንደር ቤታቸው ከጋራዥ አጠገብ ነበርና ከመካኒኮች እግር ሥር ነው ያደገው። አባቴ የይስማውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው፣ «አንተ የኔ ዓይን ነህ» አለው። የኔ ዓይን ደም ለበሰ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ጎማዋን ፈትቶ ውስጥ ያለችውን ያረጀች የላስቲክ ቀለበት በአዲስ ተካ። የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር። ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ አንዱ ጎማው ጋ ተኝቶ አንዲት ትንሽ ብሎን ይፈታል፤ አየርና ዘይት ተቀላቅሎ በቀጭን ቱቦ ይወጣል። ብሎኗ ተመልሳ እስክትዘጋ ድረስ የረገጠው ሰው እግሩን ማንሳት የለበትም፤ ካነሳ አየሩ ይመለሳል። ስለዚህ አባቴ ከሥር «ርገጥ» ይላል፣ ከላይ «ይዣለሁ» ይባላል፣ አባቴ ይፈታል፣ ይዘጋል፣ «ልቀቅ» ይላል። ለኔ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ መሪው ጋ ማን ይቀመጣል?

ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጣሁ። ይስማው ተቀምጧል። በአባቴ ወንበር ላይ፣ እግሩ እንዲደርስለት ከጀርባው የኛ የሳሎን ትራስ ተደርጎለት። ለኔ የተሰጠኝ ሥራ በተከፈተው ክዳን ሥር ቆሜ የዘይቱን ዕቃ መጠበቅ ነው። አባቴ ዕቃው ላይ ያለችውን መስመር በጥቁር ጣቱ አሳየኝ። ዘይቱ ከዚች በታች እንዳይወርድ፣ በጎደለ ቁጥር ከጠርሙሱ ሙዪ፣ ባዶ ከሆነ አየር ከላይ ይገባና የለፋነው ሁሉ ገደል ይገባል አለኝ። «ይህ የሚታመን ሰው ሥራ ነው» ብሎም ጨመረ። እኔ የሰማሁት ግን «አንቺ ዞር በዪ» የሚል ነው።

ጀመሩ። ርገጥ፣ ይዣለሁ፣ ልቀቅ። ርገጥ፣ ይዣለሁ፣ ልቀቅ። ከፊትና ከኋላ ይቀባበላሉ፣ እኔ ከመሐል ቀርቻለሁ። ዘይቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። አንዴ ሞላሁ። ሁለተኛም ሞላሁ። ያኔ አባቴ ከሥር ሆኖ «ጎበዝ፣ እግርህ የባለሙያ እግር ነው» አለ። ለኔ አይደለም። ሦስተኛው ላይ እጄ አልነሳ አለኝ። ዘይቱ መስመሯ ጋ ደረሰ፣ አለፋት።

«ሞልቷል?» ብሎ አባቴ ጠየቀ።

«ሞልቷል» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

የዕቃው ታች ታየ። የሆነ ጉርጉርታ ሰማሁና ጠርሙሱን ወደ ጀርባዬ አዞርኩት። መኪናዋ እንድትበላሽ አልፈለግኩም፣ በእናቴ ሞት። ፔዳሉ ሲለሰልስ አባቴ የማን እግር ነው እንዲል ብቻ ነው የፈለግኩት።

እንደፈለግኩትም ሆነ። ከኋላ ተነስቶ መጥቶ ፔዳሉን በእጁ ሲጫነው ከጠዋቱም የባሰ ልስልስ ነበር። እናቴ ከበረንዳው ሰንበት ሊገባ ነው ብላ ተጣራች። ሰንበታችን የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ማዘንበል ጀምራለች። አባቴ ደግሞ ዓለም ቢገለበጥ በሰንበት መፍቻ አያነሳም፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ቴስት ነው። አባቴ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ጮኸ። ሳልዘጋ እያነሳህ ነው፣ ስንት ጊዜ ልንገርህ አለው። ይስማው ዝቅ ባለ ድምፅ አላነሳሁም ጋሼ አለ።

«ውረድ» አለው አባቴ። «እጅህን ከመኪናዬ ላይ አንሳ። አንተ ከመጣህ ጀምሮ ነገር አልሰመረልኝም።»

የመጨረሻዋን ከንዴት ነው ያላት። ግን አላት። ይስማው ወረደ፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ነይ ልጄ አንቺ ርገጪ፣ እሱ ዘይቱን ይጠብቅ አለ። ይስማው ጠርሙሱን ከእጄ ሲቀበለኝ ክብደቱን መዘነው። ግማሹ አልተነካም።

እንደ ንግሥት ወጥቼ ተቀመጥኩ። በክዳኑና በመስታወቱ መካከል ጠባብ ክፍተት አለች፤ በዚያች ወደ ዕቃው ሲያጎነብስ አየሁት። ጣቱን ሰዶ ታቹን ነካ። ከዚያ ቀና ብሎ በክፍተቷ አየኝ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል አልኩ። ዕቃውን እስከ አፉ ሞላውና «ሞልቷል ጋሼ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምረን ብንደግመው ይሻላል አለ። አባቴ አጉረመረመ፣ ግን ደገመው። ርገጪ፣ ይዣለሁ፣ ልቀቂ። ይስማው ማንም ሳይጠይቀው ይሞላል። ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ በቀስ ጠነከረ፣ በመጨረሻ ጡብ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሰን እጃችንን ታጠብን።

ያን ምሽት የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ እኔ ተመለሰ። አባቴ «የዚች ልጅ እግር ነው ያዳነን» አለ። ትልቅ ጉርሻ ነበር። ይስማው ከፊቱ ያለችውን ብቻ ቆርሶ በላና ጠገብኩ አለ።

በማግስቱ የሕንፃው ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ አልተቀመጥኩም፣ ቆሜ ነው የጠየቅኩት።

«ለምን አልተናገርክብኝም?»

አማርኛዬ ስብርብር ያለ ነበር፣ ግን ገባው። «አባትሽ አንቺን ቢቆጣሽ ማታ ይስቅልሻል፣ ልጁ ነሽ» አለ። «እኔ ልጁን አሳብቄበት ነገ የማን ማዕድ ላይ እቀርባለሁ? እናቴ ተኝታለች። ሌላ ቤት የለኝም።»

ሆድ ይፍጀው ብሎ የያዘው ይኸው ነበር። እኔ ቤቴን ሊወስድብኝ የመጣ መስሎኝ ስቃጠል፣ እሱ ጥግ ይዞ ለመቆየት ነበር የሚለፋው። ሊያሳዝነኝ ይገባል፤ አሳዘነኝም። ግን እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ከማዘኔ በፊት ቀናሁ። በሱ ቦታ ብሆን አፌን እንደማልይዝ አውቀው ነበር።

እሑድ ቴንደሯ ቴስቱን አለፈች። ፈታኙ ፍሬኑን ሲረግጥ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ ብሎ አባቴ ለሕንፃው ሰው ሁሉ አወራ፤ ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ እግሬን እያዩ ይስቁ ነበር። መስኮቱ ተመለሰልኝ። ድንጋዩም የኔ ሆነ፤ ፍሬኑ ቢድንም አባቴ ልማዱን አልተወም። ይስማው ግን ቴንደሯ ጋ መቅረብ አቆመ። ቤት ቀርቶ ወንድሜን ያጫውታል፣ አባቴም አይጠራውም። ተረቱ ቀረ፣ ሳቁም ቀረ። አባቴ ዝም ብሎ ይነዳል። አንድ ቀን እኔ ተረት ልጀምርለት ሞከርኩ፤ መጨረሻውን ስለማላውቀው ግማሽ ላይ ቀረሁ። አባቴም አልጨረሰልኝም።

በሐኑካ አክስቴ ድና ወጣች። ልጇን ልትወስድ በባቡር መጥታ ጣቢያው ላይ እንደምትጠብቀን ተነገረን። ይስማው ያችኑ ፌስታል ይዞ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ፣ እኔ መሐል። ለሁለት ወር የለመንኩት ቀን ደረሰ። ከጣቢያው በፊት ያለው መብራት ቀይ ሆነና አባቴ ፍሬን ያዘ፤ ቴንደሯ ቀጥ አለች። እንደ ልማዱ «የልጄ እግር» አለና ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ይስማው ወደ ውጭ ያያል።

ደግ ስለሆንኩ አይደለም የተናገርኩት። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ይስማው ቢሄድም ያ ዝምታ ከኛ ጋር መንዳቱን አይተውም፣ መሐላችን ተቀምጦ ይቀራል። በዝምታውም ቀናሁ።

«የኔ እግር አይደለም» አልኩ። «ዕቃውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሞልቷል ብዬ ዋሸሁህ። ይስማው እግሩን አላነሳም፣ ዘይቱንም የሞላው እሱ ነው።» አንድም የዕብራይስጥ ቃል አልቀላቀልኩም።

 መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ አባቴ ነዳ፣ ጣቢያው አጠገብ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ይስማው ወረደ። እኔም ሥራዬ ነውና ከኋላ ዞሬ ድንጋዩን አነሳሁ። ጎማው ሥር ሳላስገባው አባቴ መጥቶ ከእጄ ወሰደው። ሊፈነክተኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሱ ግን አልፎኝ ሄደ። ድንጋዩን ትከሻው ላይ አንገቱ ሥር አደረገና በይስማው ፊት ወገቡ እስኪታጠፍ ጎነበሰ። ቦርሳ የተሸከሙ ወታደሮች ቆመው አዩት። አክስቴ ከጣቢያው በር እየመጣች ነበር፣ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ይቅር በለኝ ልጄ» አለ አባቴ። «ስለ እግዚአብሔር።»

ይስማው ፌስታሉን ጥሎ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳለት። ኧረ ጋሼ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ይቅር ብያለሁ እያለ አለቀሰ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በተበደለው ሰው ፊት እንደሚጎነብስ ያኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው አባቴ በኔ ፊት አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ እንደማያውቅ ነው።

እና ቀናሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እዚያም ላይ ቀናሁ። መሬት ላይ የተቀመጠውን ድንጋይ አነሳሁት። ንስሐ አልነበረም፤ እነሱ ያደረጉት ነገር ያለ እኔ እንዳይቀር ብዬ ነው። ከጎማ ሥር ሳስገባው እንደዚያ አይከብድም ነበር። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ይስማው ፊት ጎነበስኩ። የሚባለውን አላውቅም ነበር።

ከአባቴ ላይ ወዲያው ነበር ያነሳው። ከኔ ላይ ግን አልቸኮለም። ጫማዎቹን አያለሁ፣ አይንቀሳቀሱም። አባቴ አንሳላት አላለም፣ አክስቴም አላለችም። ድንጋዩ ጆሮዬን ይፍቀኛል። እዚያ ቆሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀናሁበትን ሳይሆን ያደረግኩትን አሰብኩ፤ ውረድ ሲባል የወረደበትን ፊት አሰብኩ። እንባዬ አስፋልቱ ላይ ጠብ አለ። በድምፅ ማጉያው የባቡሩ መድረስ ተነገረ። ያኔ ይስማው ፊቴ ድረስ ጎንበስ አለና ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀኝ።

«ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አልኩት።

«ልቀቂ» አለኝና ድንጋዩን አነሳልኝ።